«ዛሬ እንግዳ ነበረን»

ወላጆች «ሚስ ዜና» ይሏታል። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ሥራዋ ያወጣላት ነው። በመዋዕለ ሕፃናቱ የመካከለኛው ክፍል መምህርት ስትሆን፣ ልጆቹ ከተሸኙ በኋላ በየቀኑ ለወላጆች በስልክ መልእክት የምትልከውም እሷው ናት። ማን ምሳውን እንዳልጨረሰ፣ የማን አፍንጫ መፍሰስ እንደጀመረ፣ እነማን ተጣልተው እንደታረቁ፣ ክፍል ውስጥ የዓይን በሽታ ወይም ኩፍኝ ብቅ ካለ ወላጅ ቤቱ ሆኖ ምን ማየት እንዳለበት፣ አንድም ሳታስቀር ትጽፋለች። አንዳንዱ አባት «ሚስ ዜና እያለች ልጄን ምን ዋልክ ብዬ መጠየቅ አቆምኩ» እያለ ይቀልዳል። አንዷ እናት ደግሞ በወላጆች ስብሰባ መሃል ተነሥታ «የባሌንም ውሎ የምትልክልኝ ሚስ ዜና ፈልጉልኝ» ብላ ቤቱን በሳቅ አፍርሳዋለች።

ሰኞ ዕለት የላከችው መልእክት ከሁሉም በላይ ተወዶላት ነበር። «ዛሬ እንግዳ ነበረን» ብላ ጀመረች። «አንድ ቡናማ ቡችላ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ገብቶ ከልጆቻችን ጋር ተጫወተ። ብስኩታቸውን አካፈሉት። ለእንስሳ መራራትን ተማርን።» ፎቶም አያይዛበታለች፤ እሷ ቡችላውን ታቅፋ ተንበርክካ፣ ልጆቹ ዙሪያዋን ተኮልኩለው፣ ሁሉም ጥርስ በጥርስ ሆነው። ወላጆቹ የልብና የአበባ ምስል አዘነቡላት። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ቡችላውን ራሷ ተሸክማ መንገዱን ተሻገረችና ለባለ ልኳንዳው ሰጠችው። «አጥንት አይቸግረኝም፣ አሳድገዋለሁ» ብለው ተቀበሏት።

ሐሙስ ጠዋት ባለ ልኳንዳው የትምህርት ቤቱን በር አንኳኩ። ደንበኛ ሲጠሩ ድምፃቸው መንገድ ተሻግሮ እሷ ክፍል ድረስ የሚሰማ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን በሹክሹክታ ነው ያናገሯት። ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ልጄ፣ ያ ቡችላ...»

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠባዩ ተለወጠ። ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል፤ ለሀጩ ይዝረበረባል። ትናንት ውሃ ላስጠጋለት ስል ዘሎ እጄን ያዘኝ። ዛሬ ስከፍት ሞቶ አገኘሁት። የእንስሳት ሐኪሟን ጠራኋት፤ ገና ስታየው ፊቷ ልውጥ አለ። ‹ከማን አገኙት? እነማን ነክተውታል?› ስትለኝ እናንተ ትዝ አላችሁኝ። እየመጣች ነው። እኔ ቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

የበሽታውን ስም አልጠሩትም። እሷ ግን ሳይጠሩት ሰማችው። የበሩን መቃን ያዘች። ከኋላዋ ልጆቹ የጠዋት መዝሙራቸውን እየዘመሩ ነበር፤ አንዱ እንደ ልማዱ ከሁሉም ዘግይቶ፣ ከሁሉም ጮኾ።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በጭቃ ቦት ጫማዋ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገብታ ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም።

«ጭንቅላቱን ለምርመራ ልኬዋለሁ» አለች። «ውጤቱ ቢፈጥን ቅዳሜ ነው። ግን ውጤት አንጠብቅም። እኔ እንደማየው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የነከሰው፣ የቧጨረው፣ ቁስሉን ወይም አፉን የላሰው ልጅ ካለ ዛሬውኑ መከተብ አለበት።»

«ካልተከተበስ?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«ምልክቱ ሳይታይ ከተከተበ ይድናል። ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። ምልክቱ ደግሞ እንዲህ በቶሎ አይመጣም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ልጁ ሲሮጥ ሲጫወት ነው የምታዩት። የሚያታልለውም ይኼው ነው።»

ዳይሬክተሯ ክፉ ሴት አልነበሩም። ዕድሜያቸውን በልጆች መሃል የፈጁ፣ የመጀመሪያ ተማሪዎቻቸው ዛሬ የራሳቸውን ልጆች የሚያመጡላቸው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር፤ ጠርገው ሲያበቁ መልሰው ጠረጉት።

«ለወላጆች ጻፊ» አሏት። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ግን ስሙን አትጥሪው። እናቶቹ እዚሁ በር ላይ ይወድቁብናል። ውጤቱ እስኪታወቅ ለስለስ አድርጊው።»

ለስለስ ማድረግ ሚስ ዜና ታውቅበታለች። የራስ ቅማል ሲገባ ማንንም ሳታሳፍር የምትጽፍ ሴት ናት። እንዲህ ብላ ላከች፦ «ውድ ወላጆች፣ ሰኞ ዕለት ግቢያችን ገብቶ የነበረው ቡችላ ጤንነቱ የተሟላ እንዳልነበረ ሰምተናል። ለጥንቃቄ ያህል የልጅዎን ሰውነት እንዲያዩና ጭረት ካለ እንዲያሳውቁን በትሕትና እንጠይቃለን።»

መልሱ ወዲያው ይንጠባጠብ ጀመር። አንዱ አባት የአውራ ጣት ምስል ላከ። አንዷ እናት «ውይ ሲያሳዝን፣ አሁን ተሻለው?» አለች። ሌላዋ «የእኔዋ ቡችላ ግዢልኝ እያለች አላስቀምጥ ብላኛለች» ብላ ሳቀች። አንድም ሰው አልደነገጠም። ሚስ ዜና መልእክቱን መልሳ አነበበችው። ውሸት የለበትም። ግን ያንን አንብቦ ልጁን ልብሱን አውልቆ የሚያይ ወላጅ አይኖርም፤ እሷም ብትሆን አታይም። 

«ልጆቹን እንጠይቃቸው» አለች ሐኪሟ።

ክፍል ገቡ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስ ዜና ድምፅዋን አረጋግታ፣ «ሰኞ የመጣው ቡችላ የነከሰው ልጅ አለ?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም «የለም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ ቡችላ ነው» አለ አንዱ። ሌላዋ ከንፈሯን ወደ ውስጥ ዋጠች። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሚስጥር ሲይዝ ከንፈሩን እንደሚውጥ ሚስ ዜና ከማንም በላይ ታውቃለች። ዞር ብላ ስታይ ከንፈሩን የዋጠው አንድ ልጅ ብቻ አልነበረም።

ቢቆጧቸው ይበልጥ ይደብቃሉ፤ ቢለማመጧቸው ደስ እንዲላት ብለው ያልሆነውን ሆነ ይላሉ። ትንሽ ቆማ አሰበች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና በአራት እግሯ ምንጣፉ ላይ ወረደች።

«እኔ ቡችላው ነኝ» አለች። «በአጥሩ ሥር ገባሁ። ምን እንዳደረግኩ ግን ረሳሁት። ማን ያሳየኛል?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጆቹ ተነሥተው ከበቧት። እሷም ትድኻለች፤ ታሸታለች፤ «እዚህ ነው የመጣሁት? ከዚያስ?» ትላለች። አንዷ እግሯን ዘርግታ «እዚህ ጋ በጥፍርህ ቧጨርከኝ» አለቻት። አንዱ ካልሲውን አውልቆ ተረከዙን አሳያት፤ የእርሳስ ነጥብ የሚያክሉ ሁለት ቀያይ ምልክቶች ነበሩበት። ትልቅ መነጽር የሚያደርገውና ክፍሉ በሙሉ «ፕሮፌሰር» የሚለው ልጅ ጉልበቱ ላይ ያለውን የወደቀበትን ቁስል አስጠጋላት። «እዚህ ጋ ላስከኝ፤ ቀዝቃዛ ነበር» አለ። ሐኪሟ በሩ ሥር ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ሚስ ዜና ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተበትኖ እየሳቀች ነበር። ስቃ የማታውቀውን ዓይነት ሳቅ ነው፤ ካቆመችው ልቅሶ እንደሚተካው ታውቃለች።

«ሌላስ? ሌላ ማን ጋ ሄድኩ?»

ልጆቹ ተያዩ። ፕሮፌሰር ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ሚጢጢን ነው በደንብ የነከስካት። ጣቷን አፍህ ውስጥ ከታ ጥርስህን ስትቆጥር። ደም መጣ። ለሚስ ከተናገራችሁ ቡችላው ይባረራል ብላ ነው እኮ ዝም ያልነው።»

ሚጢጢ የክፍሉ ትንሿ ልጅ ናት። ሚስ ዜና ምንጣፉ ላይ እንዳለች ዙሪያዋን ቃኘች፤ ልጅቷ የለችም።

«ዛሬ አትመጣም» አለ ፕሮፌሰር። «ከአያቷ ጋር በአውቶቡስ ሩቅ ትሄዳለች። ብዙ ቀን እዚያ ነው የምትሆነው።»

ሚስ ዜና ጫማዋን ሳታደርግ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባች።

«ስሙን እጽፈዋለሁ» አለች። «ለስላሳውን ማንም አልሰማውም። ሦስት ልጆች ክፍል ውስጥ አሉ፤ አራተኛዋ የለችም።»

ዳይሬክተሯ ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጻፊው» አሉ። «ከሥሩ የእኔን ስም አድርጊበት። የሚሳደብ ካለ እኔን ይሳደብ።»

እሷም ጻፈች፦ «ይህን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ሰኞ ዕለት ከልጆቻችን ጋር የተጫወተው ቡችላ ሞቷል። የእብድ ውሻ በሽታ እንደነበረበት ይጠረጠራል። የተነከሰ፣ የተቧጨረ፣ ወይም ቁስሉን አለዚያም አፉን የተላሰ ልጅ ዛሬውኑ መከተብ አለበት። በጊዜ የተከተበ ይድናል። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ደጋግመው ይጠቡት። ልጅዎን አይቆጡት፤ ከተቆጡት ይደብቅዎታል። አሁኑኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ይምጡ፤ ወደ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።»

ስልኮቹ በአንድ ላይ ጮኹ። የቢሮው፣ የእሷ፣ የዳይሬክተሯ። አንዷ እናት የምትናገረው አልሰማ አላት፤ ልቅሶ ብቻ ነበር። ተረከዙን የተነከሰው ልጅ አባት ግን ድምፁ እንደ ምላጭ የሰላ ነው።

«ፎቶውን የላክሽው አንቺ ነሽ አይደል? ልጄን ከእብድ ውሻ አጠገብ አቁመሽ፣ ሳቅ ብለሽ ፎቶ አስነሣሽው?»

«አዎ» አለች።  «እኔ ነኝ። አሁን ግን ይምጡና ልጅዎን ይውሰዱት። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይበሉኝ።»

ወዲያው የሚጢጢን አባት ስልክ መታች። ዝግ ነው። ደገመች፤ ዝግ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወጣ ካለ ኔትወርክ በማይነካው መንገድ ላይ ይሰነብታል። እናቷ በሕይወት የለችም። ልጅቷን የሚያሳድጓት የአባቷ እናት ናቸው። ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው ስልክ ግን የሹፌሩን ብቻ ነው። መልእክቶቿን ስታያቸው የሰኞው እንኳ አልደረሰውም። «ዛሬ እንግዳ ነበረን» የሚለው ከእነፎቶው በአየር ላይ ቀርቷል።

ዳይሬክተሯ ልጆቹንና የሚመጡትን ወላጆች ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው ሊሄዱ፣ ሚስ ዜና ደግሞ በሐኪሟ ፒክአፕ ሚጢጢን ልትፈልግ ተከፋፈሉ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል፣ «ሻንጣ ይዘው ሲወጡ አየኋቸው፤ ቆዩ እኮ» አለ። ከዚያ የሚስ ዜናን ፊት ሲያይ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሣ። «መነኻሪያ ናቸው፤ ሮጥ በሉ» አለ።

መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ሐኪሟ ጥሩምባ እየነፋች በጋሪና በታክሲ መሃል ትሹለከለካለች። ሚስ ዜና መጠየቅ የሌለባትን ጠየቀች።

«ሲጀምር ምን ይመስላል?»

 ሐኪሟ አንዱን ጋሪ አልፋ፣ «ራስ ምታት፣ ትኩሳት... የተነከሱበት ቦታ ይበላቸዋል» አለች። «ከዚያ ውሃ መዋጥ ያቅታቸዋል። ውሃ ሲያዩ ጉሮሯቸው ይታነቃል። እየጠማቸው ይፈሩታል። በቃ፣ አትጠይቂኝ።»

ሚስ ዜና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሚጢጢ በእረፍት ሰዓት ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጥታ «አበቃሁት» የምትለው በዓይኗ መጣባት። ልታባርረው ብትሞክር አልሄድ አላት።

መነኻሪያው ውስጥ አውቶቡሶቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ጭስ ይተፋሉ። ረዳቶች ይጣራሉ፤ ተሸካሚዎች በሰው መሃል ይጋፋሉ። የትኛው አውቶቡስ እንደሆነ አታውቅም። የመጀመሪያውን ወጣችና ወንበር ለወንበር አየች፤ የሉም። ሁለተኛው ጋ ረዳቱ ትኬት ሲላት ገፍታው ገባች፤ የሉም። አንዱ አውቶቡስ ደግሞ ከፊቷ ተንቀሳቅሶ በሩን ሲወጣ በመስኮቶቹ የትንሽ ልጅ ራስ ያየች መሰላትና ከኋላው ሮጠች። ስትደርስበት የሌላ ሰው ልጅ ነበር።  ጥግ ላይ ሞተሩን አስነሥቶ የቆመው ላይ ስትወጣ ከኋላ ወንበር ቀጭን ድምፅ ሰማች።

«እማማ፣ ሚስም ከእኛ ጋር ልትሄድ ነው።»

ሚጢጢ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። አያቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በመገረም ቀና አሉ።

«ምነው ልጄ? ምን ረሳን?»

ሚስ ዜና መተላለፊያው ላይ ተንበረከከች።  በየቀኑ ለስንት ቤት ስትጽፍ የኖረች ሴት፣ አንድ ሰው ፊት ለፊት ሆኖ የሚነገረው ቃል ጠፋባት።

«እማማ፣ ሚጢጢን ትምህርት ቤት ውስጥ ቡችላ ነክሷታል» አለች በመጨረሻ። «ቡችላው ታሞ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። አሁኑኑ መከተብ አለባት።»

«መቼ ነው የነከሳት?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ፣ ልጄ።»

አልወቀሷትም፤ አልጮኹም። ሚስ ዜና ግን በጥፊ የተመታች ያህል ጉንጯ ጋለ። አጠገባቸው የነበረው ተሳፋሪ ወሬውን ሰምቶ ቀስ እያለ ወደ ሌላ ወንበር ተሸጋገረ።

«አልነከሰኝም» አለች ሚጢጢ። ቀኝ እጇን ከጭኗ በታች ደበቀች።

«ማንም አይቆጣሽም፣ ሚጢጢዬ።»

«ይባረራል?»

«አይባረርም።»

«የት ነው ያለው?»

ሚስ ዜና ሐኪሟን አየች። ሐኪሟ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ልጅን አታሎ ማስወረድ ቀላል ነበር፤ ግን ዛሬ ካታለለቻት ነገ አንድ ነገር ሲያማት ለማን ትናገራለች?

«ሞተ» አለች። «በጣም አሞት ነበር። ያመመው ነገር አንቺንም እንዳያሳምምሽ ነው የመጣሁት።»

 ሚጢጢ እጇን ከጭኗ በታች አወጣችና ሌባ ጣቷን ዘረጋች። ከጥፍሩ ከፍ ብሎ የደረቀ ትንሽ ቁስል ነበር።

«ሳያስበው ነው የነከሰኝ» አለች። «ጥርሱን እየቆጠርኩለት ነበር።»

አያቷ ጣቷን ያዙና አዩት። «በር ቆረጠኝ ነበር ያለችኝ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። ረዳቱ ከበሩ ሆኖ «ትወርዳላችሁ ወይስ እንሂድ?» ብሎ ሲጠይቅ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና «ዝም በል፣ ሴትዮዋ ይውረዱ» አለው። ሻንጣቸውንም ራሱ አወረደላቸው።

መነኻሪያው በር ላይ ካለው ቧንቧ ሐኪሟ የልጅቷን ጣት በሳሙና ደጋግማ አጠበችው።  አያቷ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው፣ ልጅቷን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ያሉት።

«ይጠይቁኝ፣ እማማ።»

«የዚህች ልጅ ጉንፋን ሲይዛት አጠገቧ የማድር እኔ ነኝ። ፀጉሯን የማበጥር፣ ጥፍሯን የምቆርጥ እኔ ነኝ። እናንተ የምትነግሩት ግን መንገድ ላይ ላለ ሰው ነው። ማንበብ እንደማልችል እንጂ መስማት እንደማልችል ማን ነገራችሁ?»

 ሚስ ዜና በየቀኑ ስትልክ ሁሉም ቤት የሚገባ ይመስላት ነበር። በሩ የተዘጋበት ቤት መኖሩን አንድ ቀን እንኳ አላየችም።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ወላጆች ልጆቻቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል፤ ባለ ልኳንዳውም በፋሻ እጃቸው ተራ ይጠብቃሉ። የተነከሰም፣ ያልተነከሰም መጥቷል። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን እዚያው ሸሚዝ ከፍተው እንደገና ያገላብጧቸዋል። ያ በስልክ የተቆጣት አባት ተረከዙ የታሸገለትን ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። ሚስ ዜና ስታልፍ ዓይኑን አላነሣላትም።

የሚጢጢ ተራ ደረሰ። ነርሱ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ክትባቱን ክንዷ ላይ ከወጋት በኋላ ሌላ መርፌ አነሣ። «ይኼኛው ቁስሉ ዙሪያ ነው የሚሰጠው። ያማል። ያዟት» አለ። ጣት ደግሞ ምን ሥጋ አለው? ልጅቷ ስትጮኽ በኮሪደሩ ያሉት ልጆች በሙሉ ተከተሏት። አያቷ ጉንጫቸውን ጉንጯ ላይ አጣብቀው «በቃ፣ በቃ፣ አለቀ» ይሉ ነበር፤ አላለቀም ነበር። ሚስ ዜና እግሯን ይዛለች። በእጇ ውስጥ ያ ትንሽ እግር ሲንፈራገጥ፣ ያረፈደ ሰው የሚሰማውን ፍርሃት በሙሉ ተሰማት፤ ሦስት ቀን በዚህች ሰውነት ውስጥ ምን እንደሠራ ማንም አያውቅም።

ነርሱ መርፌውን አስቀምጦ ሲያበቃ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«ፎቶውን ወላጆቹ አሳይተውኛል። ታቅፈሽዋል። እጅሽን እስቲ።»

እጇን ዘረጋች። ከጠመኔውና ከሳሙናው ብዛት መጋጠሚያዎቹ ላይ ተሰነጣጥቋል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ቀይ ነው። ቡችላው እንዴት አድርጎ እንደላሰው ትዝ አላት፤ ሞቅ ያለ፣ ሻካራ ምላስ። ጠዋት ከሰማች ጀምሮ ስለ ራሷ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችም ነበር። አሁን ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ቤቷ ውስጥ የሚጠብቃትን ባሏን፣ ገና ያልነገረቻትን እናቷን አሰበች።

ሚጢጢ እንባዋ ሳይደርቅ በአንክሮ ታያታለች።

«ሚስ፣ አንቺንም ነክሶሻል?»

«ልሶኛል።»

«ደብቀሽ ነበር?»

«ረስቼው ነበር» አለች ሚስ ዜና፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

ቅዳሜ ሐኪሟ ደወለች። በሽታው ያው የተፈራው ነበር። ዳይሬክተሯ ስልኩን አስቀምጠው፣ «ውጤት ብንጠብቅ ኖሮ» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ። ያን ቀን በአጥሩ ሥር የነበረውን ቀዳዳ ራሳቸው ቆመው አስደፈኑት።

ከዚያ የተከታዮቹ ክትባቶች ሳምንታት መጡ። ልጆቹ በየቀጠሯቸው ሄደው ተወጉ፤ ሚስ ዜናም ከእነሱ ጋር ተሰልፋ ተወጋች። አንድ ቀን ያ ቁጡ አባት መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ይቅርታም አልጠየቀም፤ አልወቀሳትምም። «እጅሽ ያብጣል እንዴ? የእኔ ልጅ ያብጥበታል» ብቻ አላት። «ያብጣል፣ በማግስቱ ይቀንሳል» አለችው። 

ፍርሃቱ ግን በመርፌ አልወጣላትም። ነርሱ «ጨርሳችኋል፤ ከእንግዲህ አትስጉ» ቢላትም ልጆቹ ውሃ ሲጠጡ ሳታስበው ትቆጥራለች፤ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች። አንዱ ልጅ «ራሴን አመመኝ» ሲል እጇ ይቀዘቅዛል። ራሷ ስትጠማ እንኳ ብርጭቆውን አንሥታ ትንሽ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ትጠጣለች። ባሏ አንድ ቀን አይቷት፣ «ምን እየጠበቅሽ ነው?» አላት። አልነገረችውም።

መልእክቱን ግን አላቋረጠችም። ጠዋት በሩ ላይ ልጅ የሚያደርሰውን ሰው ሁሉ፣ አክስትም ይሁን ሠራተኛ ወይም አያት፣ «የዚህን ልጅ ነገር ለማን ልንገር? ቤት ያለው ማን ነው? ያነባሉ ወይስ ልደውል?» እያለች ጠየቀች። እንዲህ ሆኖ ማንበብ የማይችሉ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ወይም ስልካቸው ድምፅ እንጂ ጽሑፍ የማይቀበል ቤተሰቦች ብዙ ሆነው ተገኙ። ለእነሱ ከሰዓት በኋላ ትደውላለች።

ለሚጢጢ አያት መደወሉ ከሁሉም ይከብድ ነበር። ስልኩን ሲያነሡ «ሃሎ» አይሉም። «ምን ሆነች?» ይላሉ፤ ድምፃቸው እንደዚያን ቀን ይሰበራል። ሚስ ዜና ሰላምታ ከማስቀደሟ በፊት «ደህና ናት» ማለት ተማረች። «ደህና ናት፣ እማማ። ምሳዋን በልታለች። ዛሬ ቀለም ቀብታለች።» እሳቸው ረጅም ትንፋሽ ያወጣሉ፤ ከዚያ ነው ጤና ይስጥልኝ የሚባባሉት። ቀን አልፎ ቀን፣ ወር አልፎ ወር፣ ሁልጊዜ እንደዚሁ።

የትምህርት ዘመኑ ሊዘጋ ሲል አንድ ከሰዓት ሚስ ዜና ደወለች። ስልኩ ተነሣ። እንደ ልማዷ «ደህና ናት» ልትል አፏን ስትከፍት አያቲቱ ቀደሟት።

«እህ» አሉ፣ ከበስተኋላቸው ሳህን ሲንኳኳ እየተሰማ። «ዛሬ ደግሞ ማንን አስለቀሰች?»